የለተማርያም ሦስት ደቂቃ

ምንይሉ ከመኪናዋ ሥር ተንፏቆ ወጣና በጣቶቹ መሃል ያሸውን ጥቁር ዘይት ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ብዙ ማሽተት አላስፈለገውም፤ ፊቱ ወዲያው ተኮማተረ። ጣቶቹን በጨርቅ ጠራረገና ቀና ብሎ አድማሱን አየው።

«ተቃጥሏል ጋሼ» አለ። «ካምቢዮው አልቆለታል።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። ይኸው፣ ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን አዩት? የተፈጨ ብረት ነው። ይሄ ሪፔር የሚደረግ አይደለም፤ በሌላ መለወጥ ነው ያለው።»

አድማሱ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር። ከሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ከምግብ ቤቶቹ የቆሻሻ በርሜሎች ፊት ለፊት ወዳለችው ወደዚህች ጠባብ ጋራዥ ለዓመታት ተመላልሷል፤ እንደ ዛሬ ግን እግሩ መቆሚያ አጥቶ አያውቅም። ካምቢዮው መቃጠሉን ለማወቅ የምንይሉ አፍንጫ አላስፈለገውም። ማን እንዳቃጠለውም ያውቃል። ራሱ ነው።

ለልጁ ለኤልዳና ግን እንዲያ አላላትም። ከሎስ አንጀለስ ሲያትል ድረስ ከተሽከርካሪ ቤቱ፣ ከሞተር ሆሙ ኋላ አስሮ የጎተታትን መኪና ቁልፍ ሲሰጣት፣ መኪናዋም ታጓራለች እንጂ አልንቀሳቀስ ስትል፣ «እኔ ምንይሉ እንዳለኝ ነው ያደረግኩት» አላት። ኤልዳና «ሶ፣ እሱ ነዋ ዘይቱን ሲቀይር የተሳሳተው» አለች። አድማሱ ዝም አለ። ሰው ለመዋሸት ብዙ ማውራት የለበትም፤ ሌላው ሲሳሳትለት ዝም ማለት ይበቃዋል። ኤልዳና በዚያው ቀን ለምንይሉ ደወለች፤ ምንይሉም ሳይከራከር «ይዘዋት ይምጡ፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አላት።

አድማሱ ሠላሳ አንድ ዓመት የኤርፖርት ታክሲ ነድቷል። ሚስቱ ለተማርያም ደግሞ ዌስትቼስተር ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያውን ታክኮ የሚያልፍ በሚመስልበት ሆቴል፣ ሃያ ስድስት ዓመት አልጋ አንጥፋለች። እሱ መንገደኛ ሲያመላልስ፣ እሷ ለመንገደኛ ስታነጥፍ፣ ራሳቸው ከሳን ዲዬጎ ወዲያ ሳይሄዱ አረጁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእነሱ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ለተማርያም «የሰው አንሶላ ሳጥፍ ዕድሜዬ አለቀ። እስቲ አሁን ደግሞ እኔ መንገደኛ ልሁን» አለችና አንድ ያገለገለ ሞተር ሆም ገዙ። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው አብሮ የሚሄድ ቤት ነው። ቤት ይዞ ገበያ መውጣት ደግሞ አይቻልምና የለተማርያምን ትንሽ መኪና አራቱም ጎማዎቿ መሬት እንደረገጡ ከኋላው ያስሯታል፤ ያሰቡበት ሲደርሱ ፈትተው በእሷ ይዞራሉ።

እንዲህ የምትጎተት መኪና ግን ጣጣ አላት። ሞተሯ ጠፍቶ ጎማዋ ሲሽከረከር ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚያዳርስላት የለም። ስለዚህ በየስምንት ሰዓቱ መንገድ ዳር ቆሞ ሞተሯን ማስነሳት፣ ማርሹን አንድ በአንድ ማዳረስ፣ በመጨረሻም ከወደፊት ማርሽ ወደ ኒውትራል መልሶ ሦስት ደቂቃ እንደበራች መተው ያስፈልጋል። ምንይሉ ይህን ሲያስረዳቸው አድማሱ በግማሽ ጆሮው ነበር የሰማው። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ስለ ማርሽ ሲመከር ጆሮው አይከፈትም። በደንብ የሰማችው ለተማርያም ናት፤ ሥራውም የእሷ ሆነ።

አራት ዓመት ሙሉ በየማረፊያው እሷ ትወርዳለች። አጭር ስለነበረች መቀመጫዋን ወደ መሪው በጣም ስባ ነው የምትነዳው። ገብታ ሞተሩን ታስነሳለች፣ ማርሹን ታዳርሳለች፣ ከዚያ ሦስቱን ደቂቃ በሰዓት ሳይሆን በጸሎት ትቆጥራለች። «አባታችን ሆይ»ን ረጋ ብላ ደጋግማ ስትጨርስ ደቂቃው ይሞላል። አድማሱ በመስኮቱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እያየ ይስቅባታል።

«አልጨረስሽም? መኪናዋን አቆረብሻት እኮ!» ይላታል።

«አንተን ስጠብቅ ላረጅ ነው፣ እሷ ትቅደም» ትለዋለች።

ለተማርያም ባለፈው ሚያዝያ ሞተች። ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች፤ ማታ አልነበረችም። ትንሿ መኪና ለኤልዳና ትሁን ብላ ድሮ ተናግራ ስለነበር፣ አድማሱ በነሐሴ መጨረሻ መኪናዋን ከኋላው አሳስሮ ወደ ሲያትል ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ችግር አልነበረም፤ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱን አዲስ የቀየረውም፣ ማርሹን ያዳረሰውም ምንይሉ ነው። ስምንት ሰዓቱ ሲሞላ አድማሱ ሬዲንግ አካባቢ ካለ ማረፊያ ገባ፣ ወርዶ የትንሿን መኪና በር ከፈተ፣ እዚያው ቆሞ ቀረ።

መቀመጫው መሪው ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረውም። አድማሱ ደግሞ ዘለግ ያለ ሰው ነው፤ ለመግባት ወደ ኋላ መግፋት አለበት። እጁን ከመቀመጫው ሥር ሰዶ ማንቀሳቀሻውን ብረት ያዘ። ልብሷ ለዘመድ ተከፋፍሏል። ጫማዋን እህቷ ውብነሽ ወስዳዋለች። ትራሷ ላይ እሱ ራሱ መተኛት ከጀመረ ቆየ። ከመሪው እስከ መደገፊያው ያለው ይህ ክፍተት ግን የለተማርያም ልክ ነው፤ ልኳ የቀረውም እዚህ ብቻ ነው። አንዴ ከገፋው በስንት ጣት ለክቶ ይመልሰዋል? ብረቱን ለቀቀ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና «ነገ ጠዋት» አለ።

ነገም አልሆነለትም፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ባያውቅ ኖሮ ስህተት ይባል ነበር። እያወቀ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ሁሉ ተራራ በደረቁ ያስወጣት። ሲያትል ደርሶ ኤልዳና በሩን ስትከፍት ደግሞ መቀመጫው ሲገፋ ላለማየት ፊቱን ወደ ጎረቤት አጥር አዞረ። ሲመለስም መኪናዋን የፊት ጎማዎቿን በኪራይ ጋሪ ላይ ሰቅሎ እስከዚህ አመጣት እንጂ አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ አልተመለከተም።

«ቶራንስ ያለ አንድ የአሮጌ መኪና ያርድ ጥሩ ያገለገለ ካምቢዮ አለኝ ብሎኛል» አለ ምንይሉ እጁን እየታጠበ። «ሐሙስ ፒክ አደርገዋለሁ። እርስዎ ምንም አያስቡ፤ እቃውም ሥራውም በእኔ ነው።»

«በአንተ ለምን ይሆናል?»

«ለኤልዳና ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብያታለሁ ጋሼ።»

አድማሱ አፉን ከፈተ። ቃሉ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ግን ሀይሉ በጓሮው በኩል መጣ። ሀይሉ የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ ከዓመታት በፊት አዲስ መጤ ሳለ ተራ አያያዙን፣ የተርሚናሉን መግቢያና መውጫ ያስተማረው አድማሱ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ከሚታዩት ሹፌሮች ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው።

«ጋሼ አድማሱ! እንዴት ሰነበቱ? እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ጎንበስ አለና ወደ ምንይሉ ዞረ። «መኪናዬ ተነካች?»

«ገና ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሰርቪሷን እጨርስልሃለሁ።»

«አይ፣ ተወው በቃ። ይዣት ልሂድ።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

ሀይሉ ክሪክ ላይ የተሰቀለችውን የለተማርያምን መኪና፣ ከሥሯም ጥቁሩን ዘይት አየና አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። «እንዳትቀየመኝ ምንይሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እትዬ ውብነሽ ሲናገሩ ሰማሁ። ያልሆነ ዘይት ጨምረህ የሟቿን መኪና አቃጠልክ አሉ። ሰው ይሳሳታል፣ ኦኬ። ግን እኔ እንጀራዬ ናት። እሷ ከቆመች ልጆቼን ምን አበላለሁ? ባልደረባዬ ንጋቱም ቀጠሮውን ካንስል አድርጓል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ውብነሽ ጆሮ የገባ ነገር ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሳይበተን ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች እንደሚያዳርስ አድማሱ ያውቃል። ኤልዳና ለአክስቷ መንገሯን ግን አላሰበውም ነበር።

«እርስዎስ ምን ይላሉ ጋሼ?» አለ ሀይሉ። «በእርስዎ ነው የደረሰው። ዘይቱ ነው ያቃጠላት?»

አድማሱ ሀይሉን አየ፣ ምንይሉን አየ፣ ኮፍያውን አየ። ይሄኔ ምንይሉ ፈጠን ብሎ መሃላቸው ገባ።

«ጋሼን ተዋቸው፤ በቁስላቸው ላይ ምን ትጨምርባቸዋለህ? ስህተቱ የእኔ ነው። ቁልፍህ ጠረጴዛው ላይ አለልህ።»

ሀይሉ ቁልፉን አንስቶ፣ መኪናውን አስነስቶ፣ በጓሮው መንገድ ሄደ። ምንይሉ ቦታው ባዶ ሲቀር ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የተበተኑ መፍቻዎቹን ይለቃቅም ጀመር። አድማሱ በሕይወቱ እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም።

«ምንይሉ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ዘይቱ አይደለም።»

ምንይሉ ቀና አላለም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ትክክለኛውን ዘይት እንደጨመርኩ አውቃለሁ። እንዲህ የሚቃጠለው ደርቆ ሲሽከረከር ነው። ደግሞ የዚያን ዕለት አይቻለሁ ጋሼ። አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ማርሹን ላዳርስ ገብቼ መቀመጫውን ልገፋ ስል 'አትንካው!' ብለው አልጮሁብኝም? ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ነው ሦስቱን ደቂቃ የተቀመጥኩት። ሲሄዱ እያየሁ፣ እሳቸውስ እንዴት አድርገው ሊገቡ ነው ብያለሁ በልቤ።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?» አለ አድማሱ። ሳያስበው ጮኸ።

ምንይሉ መፍቻዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለቅሶው ላይ ልነግርዎት ነበር። ከእንግዲህ ይህ ሥራ የእርስዎ ነው፣ እንዳይረሱ ልልዎት ነበር። ሦስት ቀን ቤትዎ ተቀምጬ ሦስቱንም ቀን አፌ ላይ መጣ። ግን ለቅሶ ቤት ስለ ካምቢዮ እንዴት ይወራል? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። አርባዋ ላይም ዋጥኩት። ሲነሱ ደግሞ ስለዚያ መቀመጫ ባነሳ ሰውዬው እዚሁ ያለቅሱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሶ፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ስል ለወሬ አይደለም። ይሉኝታዬ ነው ያቃጠላት።»

አድማሱ ሊመልስለት ፈለገ። አንተ ምን አደረግህ ሊለው፣ እኔ እኮ እያወቅኩ ነው ሊለው ፈለገ። ከሚያዝያ ጀምሮ በሰው ፊት አላለቀሰም፤ ልጁ ፊት እንኳ፣ እሷ እንዳትሰበር ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የከረመው። አሁን ግን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ምንይሉ አይዞዎት አላለውም። አሮጌ ጎማ ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና እስኪበቃው ድረስ አብሮት ቆየ።

ሲበቃው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ስልኩን አወጣ።

«አባዬ? ከሥራ ብሬክ ላይ ነኝ፣ ሰላም ነው?» አለች ኤልዳና። ከኋላዋ ነርስ ሆና የምትሠራበት ሆስፒታል ድምፅ ይሰማል። «ምን አለህ ሰውዬው? ይቀይረዋል?»

«ልጄ፣ ምንይሉ አይደለም ያበላሻት። እኔ ነኝ። ማርሹን ሳላዳርስ ነው የጎተትኳት፤ አንድም ቀን አላዳረስኩም።»

«ዌይት፣ ምን ማለት ነው? አንተ እኮ ታውቃለህ! እማዬ ሁልጊዜ…»

«መቀመጫዋን መግፋት አቃተኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለውና ከጆሮው አንስቶ አየው።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «እኔ አልገፋሁትም እኮ።»

«ምኑን?»

«የእማዬን መቀመጫ። ያን ቀን ልገፋው አስቤ ስገባ ልኬ ሆኖ አገኘሁት። ኤግዛክትሊ ልኬ ነው። መስታወቱን እንኳ አልነካሁም። ልነግርህ ብዬ ዞር ስል ጀርባህን ሰጥተኸኝ ቆመሃል። ከዚያ መኪናው እምቢ አለ፣ ነገሩም በዚያው ተረሳ።»

አድማሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ተነሣ። ምንይሉ ነገሩ ገብቶት መኪናዋን ከክሪኩ ዝቅ አደረገለት። በሩን ከፈተው። መቀመጫው እንደነበረ ነው፤ መሪው ላይ ተለጥፎ፣ ለረጅም ሰው ቦታ ነፍጎ። ጠፍቷል ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘነለት ልኳ እዚህ አለ፤ ሲያትልም ውስጥ በልጁ እግር እየሄደ ሕመምተኛ ያስታምማል። መኪናዋን የገደላት ይህንን ላጣ ነው ብሎ ነበር። የእናቷን ቁመት የያዘች ልጅ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያሳድግ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላለውም። የተሰማው ደስታ ይሁን ኀዘን እሱም አልለየው።

«እኔ ለአክስቴ አሁኑኑ እደውልላታለሁ» አለች ኤልዳና። «ለምንይሉም ሶሪ እለዋለሁ። ጉድ ነው ያደረግኩት።»

«ጉዱ የእኔ ነው። አንቺ ለአክስትሽ ንገሪያት። የፌርፋክሱን እኔ አለሁበት።»

ስልኩን ሲዘጋ ምንይሉ በሁለት እጁ ሊያስቆመው ሞከረ። «ይተዉት ጋሼ፣ አፈር ስሆን። ሰው እኮ ይረሳዋል። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ሹፌሮቹ ፊት…»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማህም?» አለው አድማሱ። «አንተ ገና በቁምህ ነው የተቀበርከው። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ስሜ የሚሠራልኝ ሥራ የለም።»

ሹፌሮቹ ምሳ የሚበሉበት ሮማን ምግብ ቤት ከጋራዡ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አድማሱ ግን አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ከበሩ ውጭ የፓርኪንግ ምልክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። የሹፌሮቹ ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ያለው ነው። ሀይሉ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ከሰዓት በኋላው ግርግር በፊት ምሳውን እየበላ ነበር። አድማሱ ሲገባ አራቱም ከነጉርሻቸው ብድግ አሉ፤ ለሽበቱም፣ ለኀዘኑም ነው። ሀይሉ ወንበር ሳበለት።

«ኖር ጋሼ! ይቀመጡ፣ እንብላ።»

«በእግዜር። ብሉ፣ ብሉ፤ ልቀመጥ አልመጣሁም» አለ አድማሱ። «ምንይሉ ዘይቱን አልተሳሳተም። ካምቢዮውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ማርሹን ሳላዳርስ ሁለት ቀን ጎተትኳት። ቅድም ሀይሉ ሲጠይቀኝ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

አራቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ይህ ሰው እኮ አስተማሪያቸው ነው። ለእሱ ያፈሩለት ይመስል አንዱም ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። በመጨረሻ ሀይሉ ጉሮሮውን ጠራርጎ ረዳው።

«ረስተው ነዋ ጋሼ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ኀዘን ያስረሳል። የኔም አባት እናቴ የሞተች ጊዜ የገዛ ቤታቸው ጠፍቷቸው ነበር።»

«እውነት ነው፣ ያስረሳል» አሉ ሌሎቹ ተቀብለው። «ማንም ይረሳል።»

መውጫው ተከፈተለት። እሺ ቢል ነገሩ በዚያው ያልቃል። የምንይሉ ስም ይመለሳል፣ እሱም ኀዘን ያዘነጋው ሽማግሌ ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ የሚያማው የለም። ግን እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች እንዴት ረሳሁ ይበል? ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ሌላ ምን ሲያስብ ሄደ?

«አልረሳሁም» አለ አድማሱ።

ሀይሉ የሳበለት ወንበር ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «አልረሳሁም ልጆቼ። ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ። የሚስቴን መቀመጫ መግፋት አቅቶኝ ነው።»